ቡርቃ ሜዳ አንደኛ ወጣች

ሰርክአዲስ በየማለዳው አርባ ሁለት ቤት ታዳርሳለች። የቡርቃ ሜዳ ከተማ ሦስተኛ ቀበሌ ጠያቂ ነች፤ መንግሥት የቀጠራት ሰውን እንዴት አደርክ እንድትል ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግራጫ ካፖርቷን ትደርባለች። ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጠውን፣ ሰዉ «ጆሮ» የሚላትን ጥቁር መሣሪያ አንገትጌዋ ላይ ትሰካለች። ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው በር ትጀምራለች።

«እንዴት አደራችሁ?»

«ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን።»

«ቤተሰብስ?»

«ደህና።»

«ጎረቤትስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ጤናስ?»

«ደህና።»

«ተስፋስ?»

«አለ።»

ከአምስተኛው መልስ በኋላ መሣሪያዋ አንዴ ጢት ትላለች። ሰርክአዲስ አመስግና ትሄዳለች፣ በሩም ይዘጋል። አንድ ቤት ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ የቆመችበት ቀን ጥቂት ነው። ሁሉም መልሱን በቃሉ ይዞታል፤ ድምፁን የት ላይ ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ ማድረግ እንዳለበት ሳይቀር ያውቃል። በቡርቃ ሜዳ ሰው ሰውን እንዴት አደርክ ማለት ከተወ ደግሞ ቆይቷል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። ጥያቄው የመንግሥት ሆኗል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ከተሞች በየወሩ ደህና መሆናቸው የሚመዘንበት ልኬት የወጣው ሰርክአዲስ ገና ሳትወለድ ነበር። ጠያቂ ከመሆኗ በፊት መምህር ስለነበረች ታሪኩን ደህና አድርጋ ታውቀዋለች። የአፍሪካን አገሮች ለመቶ ዓመት ሲለኳቸው የኖሩት ሌሎች ነበሩ። ስንት ኩንታል ላካችሁ፣ ስንት ፋብሪካ አቆማችሁ፣ በነፍስ ወከፍ ስንት ደረሳችሁ እያሉ። በዚያ ሚዛን እኛ ምንጊዜም ከታች ነን። አንድ ቀን የራሳችን ምሁራን ሚዛኑን ጣሉት። ሁለት ገበሬዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው የሚጠያየቁት ምንድን ነው? ልጁን፣ ጎረቤቱን፣ ጤናውን ነው፤ ልማት ማለት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው አሉ። ጎረቤት አገሮችም ቀዱት። ወጣት መምህር ሳለች ይህን ምዕራፍ ስታስተምር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አምናበት ነው። አሁንም ሐሳቡ ስህተት ነበር ብላ አታስብም። የቱ ጋ እንደተበላሸ ግን ይቺ ላይ ነው ብላ መናገር አትችልም።

ልኬቱን የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት የደህንነት ሚኒስቴር ይባላል። አዛውንቶች እንደሚያወሩት ድሮ ድሮ «ደህንነት» ሲባል ሰው ዞር ዞር ብሎ ያይና ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። አሁን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ፈገግም ይላል።

የቡርቃ ሜዳ ውሃ ጥርት ያለ፣ ሲጠጡት የሚያረካ ውሃ ነው። ክፋቱ በዓይን አይታይም። ከመሬት ሥር ይዞት የሚመጣው ማዕድን መጀመሪያ ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፤ ዓመታት ቆይቶ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጉልበት አልታጠፍ ይላል፣ ወገብ ይደርቃል፣ የልጆች እግር ይጎብጣል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ይህን የሚያስቀር ማጣሪያ ነበር። ማጣሪያው ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ምትክ ይላክልን ተብሎ በተጻፈ ቁጥር የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ከተማችሁ ደህና ናት። ቅድሚያ የሚሰጠው ላልደላቸው ነው።»

አልደላንም ማለት ደግሞ ያስፈራል። አልደላትም የተባለች ከተማ ድጋፍ ይላክላታል። በሁለት ክረምት ውስጥ ካላገገመች ግን ትታጠፋለች። ሕዝቡ ደህና ወደሆኑ ከተሞች ይበተናል፣ ስሟ ከካርታ ይነሳል። ጎረቤታቸው ለፊሳ የታጠፈችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከቡርቃ ሜዳ የሚወጣው አውቶቡስ ዛሬም በመሀሏ ያልፋል። ተሳፋሪው ባዶዎቹን ቤቶች ላለማየት እጁን ያያል።

የሰርክአዲስ አርባ ሁለተኛ ቤት የራሷ ነው። አንድ ልጇ ሶስና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነች። የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ ካቃታት ወዲህ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትቀምቅማለች። የጤና ጣቢያው ነርስ ለእናትየዋ እውነቱን ነግሯታል፦ የሶስና የጀርባ አጥንት ወፍሮ ነርቩን እየተጫነው ነው፣ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ከወገቧ በታች አትታዘዝም። ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት እንዲጻፍላት ሲያመለክት ግን የጤና ጣቢያው መሣሪያ ከተማዋ ደህና ናት እያለ ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ መልሶታል።

ሰርክአዲስ ዙሩን ጨርሳ ስትመለስ እንደ እንግዳ በሩን ታንኳኳለች። ደንቡ እንዲያ ነው።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና» ትላለች ሶስና፣ መርፌውን ሳታቆም።

«ጤናስ?»

«ደህና።»

እናት ጆሮዋን ከአንገትጌዋ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋለች። ከዚያ የልጇን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ በሞቀ ጨርቅ ታሽላታለች።

ነገሩ የመጣው በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። አሥራ ሰባተኛው ቤት የጋሽ ዳምጠው ነው። ጋሽ ዳምጠው ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ እስከወጡ ድረስ የከተማዋን የውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ነበሩ። በሩን ከፍተው በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆሙ።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ዳምጠው?»

«ደህና አላደርኩም።»

መሣሪያዋ ዝም አለች። ሰርክአዲስ አፋቸው የሳተ መሰላት።

«ልድገምልዎት ጋሼ?»

«ድገሚው።»

«እንዴት አደሩ?»

«ደህና አላደርኩም። ግቢና ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።»

በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ማንም ግቢና ቁጭ በይ ብሏት አያውቅም። ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው መቀመጥ ስለማይችሉ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ፓምፕ ያስነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ማጣሪያው መሞቱን ከሁሉ በፊት ያወቅሁትም እኔ ነኝ። የመመርመሪያው ወረቀት ቀለሙን ሲለውጥ አየሁት። ያንኑ ቀን ጽፌ ላክሁ። ደህና ናችሁ አሉኝ። በማግስቱ ሰው ጄሪካኑን ይዞ ተሰልፏል፤ ምን ላድርግ? አስነሳሁት። በማግስቱም አስነሳሁት። እስከ ጡረታዬ አምስት ዓመት ሙሉ እያወቅሁ አስነሳሁት። የሶስናን ወገብ ያደረቅሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ ጆሮዋ ትሰማለች።»

«ትስማ እንጂ! ለሷ አይደል እንዴ የምናገረው? አንቺማ ታውቂዋለሽ።»

«ማንም እርስዎን አልወቀሰም» አለች ሰርክአዲስ።

«እሱ ነው የገደለኝ» አሉ ጋሽ ዳምጠው።

ረቡዕም፣ ሐሙስም ያንኑ መለሱ። ዓርብ ዕለት የቀበሌው አስተባባሪ አቶ ታፈረ ሰርክአዲስን ቢሮው ጠራት። ታፈረ ክፉ ሰው አይደለም። ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ወረቀቱን ገለበጠላት፤ የአንድ ቤት መልስ ቀበሌውን ሁለት ነጥብ አውርዶታል።

«አይቀጡዋቸውም እኮ» አለ። «ልኬቱ ማንንም አይቀጣም። ቅጣት ቢኖረው እኮ ቀላል ነበር። እትዬ ሰርኬ፣ ለፊሳም የጀመረችው በአንድ ቤት ነው ይላሉ። እባክዎ ይለምኑልኝ።»

እሷ መለመኑን እንቢ አለች። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ተላከ።

ሰባት ሆነው መጡ፤ መሪያቸው ሀጂ ቱሴ ናቸው፣ ከተማው በሙሉ የሚያከብራቸው፣ በሁለት ቤተሰብ መካከል ደም ያደረቁ ሰው። ሰርክአዲስ ከጎረቤቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ሆና አየች። እንደ ወጉ «እሺ ካላልከን አንቀመጥም» ብለው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ሰርክአዲስ ወዲያው ልብ ያለችው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ከሰባቱ አምስቱ ቢባሉም መቀመጥ አይችሉም።

«ዳምጠው ወንድሜ» አሉ ሀጂ። «አገር ልታፈርስ ነው እንዴ? አንዲት ቃል ናት። ደህና ነኝ በል። በልባችን የሆነውን ፈጣሪ ያውቀዋል።»

«ሀጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ ጋሽ ዳምጠው።

«ጠይቀኝ።»

«ሲሰግዱ ግንባርዎ መሬት የነካው መቼ ነው?»

ሀጂ ቱሴ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ መልሰው አስተካከሉ።

«ስድስት ዓመት ሆነው» አሉ። «ወንበር ላይ ነው የምሰግደው።»

«እና ደህና ነዎት?»

ሀጂ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። የለመደ ምላሳቸው የመጀመሪያዋን ፊደል እንኳ ሊያወጣት ነበር። ከዚያ አፋቸውን መልሰው ገጠሙና ወደ በሩ አመሩ። የቀሩት ስድስቱ ተከተሏቸው። እሺም እንቢም ሳይባል ሽምግልናው ተበተነ።

ሰርክአዲስ ሌሊቱን ሳትተኛ አሰበችበት። ሰኞ ጠዋት ካፖርቷን አልደረበችም። ጆሮዋን ሰካች፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን በር አንኳኳች። የከፈተችላት በላይነሽ የምትባል የሦስት ልጆች እናት ነች፤ ድምፅዋን አዘጋጅታ ጠበቀቻት።

«ዛሬ አምስቱን አልጠይቅሽም» አለች ሰርክአዲስ። «ልግባና እውነቱን ንገሪኝ።»

በላይነሽ ወደ አንገትጌዋ አየች። «ትሰማለች?»

«ትሰማለች።»

ሴትየዋ ወደ ውስጥ ገብታ የስድስት ዓመት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። የልጅቷ ሁለት እግሮች እንደ ቅንፍ ወደ ውጭ ጎብጠዋል። «ከሰው ደብቄያት ነው የምትኖረው» አለች በላይነሽ። «ከጎረቤቴ። ከአንቺም። ቤት ውስጥ ናት ከአምና ጀምሮ።» አለቀሰች፤ ጎረቤቷ ድምፅ ሰምታ መጣች፣ ልጅቷን አየች፣ እሷም የራሷን ሕመም ተናገረች።

ሰርክአዲስ ወደ ሁለተኛው ቤት ስትሄድ ሁለቱ ሴቶች ተከተሏት። አምስተኛው ቤት ስትደርስ አሥር ሰዎች ሆነዋል፤ ሃያኛው ላይ መንገዱ ሞላ። መራመድ ያቃታቸውን በወንበር፣ በቃሬዛ፣ በጀርባ ተሸክመው አወጧቸው። ለዓመታት አጥር ተጋርተው የኖሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጉልበት እየዳሰሰ «አንተንም? መቼ ጀመረህ?» ይባባላል። ሀጂ ቱሴን ሁለት ጎልማሶች ደግፈው አመጧቸው። ጋሽ ዳምጠው በሕዝቡ መሀል በምርኩዛቸው ቆመው ይቅር በሉኝ ሲሉ በላይነሽ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አቶ ታፈረ ሕዝቡን ሊበትን ከቢሮው ወጥቶ ነበር። የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ሲያይ ቆየና ወደ ሰርክአዲስ ተጠግቶ አንገትጌዋ ላይ ላለችው ጆሮ በዝግታ ተናገረ፦ «የእኔም ልጅ ከትናንት ወዲያ ከአልጋ መውረድ አቃታት።»

ቀትር ላይ አርባ ሁለተኛው ቤት ደረሱ። ሰርክአዲስ አላንኳኳችም። ሶስና አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ከእናቷ ጀርባ ያለውን ሕዝብ አየች።

«ንገሪኝ ልጄ» አለች ሰርክአዲስ።

«እማዬ፣ እግሬ አይሰማኝም። ሦስት ሳምንት ሆነው። ስታሺኝም አይሰማኝም፤ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ዝም የምለው።»

በዚያ ቤት የተለቀሰው ልቅሶ ሬሳ ባለበት ቤት አይለቀስም።

ውጤቱ በአሥራ አንደኛው ቀን እንደሚመጣ ይታወቃል። በነዚያ ቀናት ቡርቃ ሜዳ ፈርታ ሰነበተች። አንዳንዱ ዕቃውን በካርቶን አሰረ፤ አንዳንዱ መቃብር ቦታ ሄዶ የዘመዶቹን ስም በቀለም አደሰ። ተስፋም ነበር። ጋሽ ዳምጠው ደንቡን በቃላቸው ያውቁታል፦ ከተማዋ ከልኬቱ መስመር በታች ከወረደች በመጀመሪያዎቹ ዘጠና ቀናት ድጋፍ ይላካል፤ ማጣሪያው ይመጣል፣ የሆስፒታሉ ወረቀት ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ጊዜ አላቸው። ሰርክአዲስ ለሶስና ሻንጣ አዘጋጀች፤ ሁለት ቀሚስና ወፍራም ሹራብ ከተተችበት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሕዝቡ ቀበሌው ግቢ ተሰበሰበ። አቶ ታፈረ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ማንበብ ጀመረ፣ አቆመ፣ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረ።

«ቡርቃ ሜዳ» አለ፣ «በዚህ ወር ልኬት ከመላ አገሪቱ ከተሞች አንደኛ ወጥታለች።»

ታፈረ ማብራሪያውን አነበበ። ልኬቱ ከቃሉ ይልቅ ሰው ለሰው የሚያደርገውን ይሰማል። በአንድ ቀን አርባ ሁለት ቤት በጎረቤት ተጎብኝቷል። ሃያ ዘጠኝ ሕሙማን በሰው ትከሻ ተጉዘዋል። አራት መቶ ሰው አብሮ አልቅሷል። መተሳሰብ፣ ሸክም መጋራትና የጋራ ሐዘን በልኬቱ ከፍተኛ ክብደት የተሰጣቸው ናቸው፤ የባዕዳን ሚዛን ለመቶ ዓመት ያልቆጠራቸው እውነተኛ ሀብቶቻችን እነሱ ናቸውና። ወረቀቱ ሲገባደድ አንዲት መስመር ነበረች፦ «በጤና ረድፍ የታየው ቅናሽ በማኅበራዊ ሀብት ተካክሷል።»

ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከልማድ ይሁን ከፍርሃት አይታወቅም። ከዚያ ሌሎችም አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ደከም ያለ፣ ረጅም ጭብጨባ ነበር። ሰርክአዲስ ጋሽ ዳምጠውን ፈለገቻቸው። ግቢውን ለቀው እየሄዱ ነው፤ ከሁለት እርምጃ በኋላ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይራመዳሉ።

በማግስቱ ስትጠይቃቸው ምንም አልመለሱም። ከዚያ ወዲያም ለማንም አልተናገሩም። ምግብም ተዉ። ጎረቤት በየተራ እያደረ አስታመማቸው፤ ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ያልወጣ ሰው አልነበረም፣ በወንበር የመጡም ነበሩ። አፈሩ ተመልሶ ሰዉ ሲበተን አቶ ታፈረ ከሰርክአዲስ ጎን መጥቶ መሬት መሬት እያየ ቆመ።

«በዚህም ጨምሯል» አላት። «አንድ ነጥብ ተኩል።»

በየካቲት ከሚኒስቴሩ ዶክተር ኤፍራታ የምትባል ባለሙያ ከስምንት ከተሞች የተውጣጡ አርባ ሰዎችን ይዛ መጣች፤ ከቡርቃ ሜዳ እንዲማሩ ነው። ጎልማሳ፣ ዓይኗ ቶሎ እንባ የሚያቀር፣ የምትለውን የምታምን ሴት ነች። እንግዶቹ በየቤቱ እየገቡ በላይነሽ ልጇን እንዴት እንዳወጣች፣ ሀጂ እንዴት እንደተደገፉ ጠየቁ፣ ጻፉ። አንዲት ጠያቂ ሰርክአዲስን «የመጀመሪያዋን ሴት እንድታለቅስ ያደረጓት ምን ብለው ነው?» አለቻት።

ሰርክአዲስ ዶክተሯን ብቻዋን ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ሶስና ግድግዳው ጥግ ተጋድማለች።

«ልጄ ናት። መራመድ አትችልም። ከእንግዲህ የቀራት እጇ ብቻ ነው» አለች። «ማጣሪያውን ላኩልን። እሱ ካልሆነ እሷን ላኩልኝ።»

ዶክተር ኤፍራታ ተንበርክካ የሶስናን እጅ ያዘች፤ እንባዋ ወረደ። «እንዲህ ያለ ሕዝብ ስላላት ዕድለኛ ናት» አለች። «ሌላ ቦታ እንደሷ ያሉ ልጆች ብቻቸውን ሲሆኑ አይቻለሁ። አያምኑኝም፣ እትዬ፣ ግን እናንተ ያላችሁን ነገር ገዝተን ልንሰጣቸው አንችልም።»

«ወገቧንስ?»

ዶክተሯ ስለ ደንቡ አወራች፤ አንደኛ ለወጣች ከተማ ድጋፍ ይገባታል ብሎ መጻፍ ልኬቱን ራሱን ማፍረስ እንደሆነ፣ ልኬቱ ከፈረሰ ደግሞ ወደ ባዕዳን ሚዛን እንደሚመለሱ። ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። እሷም ደረቷ ላይ የሰካቻትን ጆሮ ነቅላ መዳፏ ውስጥ ጨበጠች፤ ሰርክአዲስም የራሷን እንድትነቅል በዓይኗ አመለከተቻት።

«አንድ መንገድ አለ» አለች በሹክሹክታ። «ሰው የሌለው ሰው በየትኛውም ሆስፒታል ወዲያው ይታከማል። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ጠያቂ የሌለው። ሕመሙ የሚካካስበት ማኅበራዊ ሀብት ስለሌለው። መሣሪያው የሚያውቀው የሚነገረውን ብቻ ነው።»

«ከዳነች በኋላስ?»

«ሰው ካገኘች ደህና ትሆናለች። ደህና ከሆነች ክትትሉ ይቆማል። ወገብ ደግሞ» አለች ዶክተሯ፣ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «የዕድሜ ልክ ክትትል ነው የሚፈልገው።»

ሰርክአዲስ ነገሩን ለሶስና ስትነግራት ልጅቷ አላለቀሰችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ደብዳቤስ?» አለች።

«ደብዳቤም አይቻልም።»

«አንቺ ስትታመሚ ማን ይነግረኛል?»

«ማንም» አለች እናትየው። መዋሸት ደክሟት ነበር።

የሶስናን መታወቂያ ምድጃ ውስጥ ከተው አቃጠሉት። ሐሙስ ጠዋት ታፈረ ምንም ሳይጠይቅ የቀበሌውን መኪና ሰጣት። በሁለተኛው ወረዳ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው መመዝገቢያ መስኮት ሲደርሱ ረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ጸሐፊዋ ወጣት ነች፣ ድምፅዋ ለስላሳ። ጆሮዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች።

«ማን አመጣት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሰርክአዲስ። «መንገድ ላይ ወድቃ አግኝቻት ነው።»

«ምንዎ ናት?»

«ምኔም አይደለችም።»

ጸሐፊዋ ወደ ሶስና ዞረች። «እህቴ፣ ማን አለሽ?»

«ሰው የለኝም» አለች ሶስና። እንዴት እንደሚባል ታውቅበታለች፤ የጠያቂ ልጅ ናት። የት ላይ ድምፅዋን ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ እንደምታደርግ ያስተማረቻት እናቷ ናት።

«አይዞሽ» አለች ጸሐፊዋ ከልቧ። ሠራተኛ ጠርታ ባለ ጎማ ወንበር አስመጣች። ወንበሩ ተገፍቶ በኮሪደሩ ሲሄድ ሶስና ፊቷን አላዞረችም፤ እንዳታዞር ተነጋግረው ነበር። ሰርክአዲስ ጭንቅላቷን ከኋላ አየችው፣ ትናንት ራሷ የጎነጎነችውን ሹሩባ። ወንበሩ በቀኝ በኩል ታጠፈ።

«እርስዎ መጻፍ ይችላሉ?» አለች ጸሐፊዋ። «ወረፋው በዝቶብኛል፤ ፎርሙን ቢሞሉልኝ። ያላወቁት ቦታ ላይ ሰረዝ ያድርጉ።»

ሰርክአዲስ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ስም በሚለው ላይ ሶስና ብላ ጻፈች፤ ልጅቷ መንገድ ላይ ነግራኛለች አለች። ዕድሜ፣ በግምት ሃያ ስድስት። የትውልድ ቦታ፣ ሰረዝ። የአባት ስም፣ ሰረዝ። የእናት ስም በሚለው ረድፍ ላይ እጇ አልታዘዛትም። በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ያዘችና፣ መስመሩ ቀጥ እንዲል ተጠንቅቃ፣ ሰረዙን አሰመረችው።